ስላልበሰለው የወንድ ዘር የወጣው ጽሑፍ ዋናውን ነገር ዘሎታል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጤና ዓምዳችሁ ላይ፣ ገና ስፐርም ያልሆነ ሴል ከወንድ አይጥ ቆለጥ ወጥቶ ኒውክለሱ (የዘር መረጃው ያለበት የሴሉ እምብርት) ወደ ሴቷ እንቁላል ስለሚገባበትና የአይጥ ልጆች ስለሚወለዱበት ዘዴ የወጣውን ጽሑፍ አንብበናል። ነገሩ እውነት ነው፤ አዲስ ግን አይደለም፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ጽሑፉ ሥራውን ሁሉ «ሴሉን በቀጭን መርፌ እንቁላል ውስጥ ማስገባት» አድርጎ አቅርቦታል። መርፌው በልምምድ የሚለመድ ነው። ልጅ መወለድ አለመወለዱን የሚወስነው የእንቁላሏና የሴሉ ሰዓት መገጣጠሙ ነው፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል አላለም። ይህ ስላልተነገረም መጨረሻው ላይ «ለመካን ወንዶች መፍትሔው ደርሷል» ወደሚል ድምዳሜ ዘሎ ሄደ።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ሴል እንደምንነጋገር እንለይ። በአይጥ ቆለጥ ውስጥ አንድ ሴል ስፐርም እስኪሆን 35 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በመንገዱ ላይ መጀመሪያ የምናገኘው ቀዳማዊ ስፐርማቶሳይት ነው፤ ዲ.ኤን.ኤውን አባዝቶ ክሮሞዞሞቹን ገና ያላካፈለ ትልቅ ሴል። አንድ ጊዜ ሲከፈል ዳግማዊ ስፐርማቶሳይት ይባላል፤ የክሮሞዞሙ ቁጥር ወደ 20 ወርዷል፣ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ግን ገና ጥንድ ክሮማቲድ (የአንድ ክሮሞዞም ሁለት ተጣባቂ ቅጂ) ነው። ሁለተኛውን ክፍፍል ሲጨርስ 20 ነጠላ ክሮሞዞም የያዘ ክብ ስፐርማቲድ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ መከፈል የለም። የሚቀረው ቅርጽ መለወጥ ነው፦ ጅራት ያወጣል፣ ዲ.ኤን.ኤው የተጠመጠመባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ይወጡና በፕሮታሚን ይተካሉ፣ ኒውክለሱም ይጠባል። ስለዚህ ክብ ስፐርማቲድ በሚይዘው የዘር መረጃ መጠን ከስፐርም አያንስም። በአይጥ ላይ የሚጎድለው ትልቁ ነገር እንቁላሏን የሚቀሰቅስበት ኃይል ነው።

የሥራው ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎቹ አትሱኦ ኦጉራና ሪዩዞ ያናጊማቺ የክብ ስፐርማቲድ ኒውክለስ ወደ ሃምስተር (አይጥ መሰል እንስሳ) እንቁላል ገብቶ ከእናት ኒውክለስ ጋር ሊዋሐድ እንደሚችል አሳዩ። በ1994 ኦጉራና ባልደረቦቹ ስፐርማቲድን ከአይጥ እንቁላል ጋር በኤሌክትሪክ ንዝረት አዋሕደው ጤናማ ልጆች አስወለዱ። በ1995 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኪሙራና ያናጊማቺ ኒውክለሱን በመርፌ በማስገባት የተሻለ ውጤት አገኙ፤ በዚያው ዓመት ከዳግማዊ ስፐርማቶሳይትም ልጅ አስወለዱ። በ1998 ደግሞ ከቀዳማዊ ስፐርማቶሳይት ጭምር ተሳካ፤ ግን በጣም በጥቂቱ። (ጽሑፋችሁ «በ1995 ዓ.ም.» ብሎ መጻፉ አንባቢውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስተዋል። «እ.ኤ.አ.» ሊጨመርበት ይገባ ነበር።)

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ከሴቷ አይጥ የምትወጣው እንቁላል ሁለተኛው ሚዮሲስ (ክሮሞዞም የሚቀንሰው የዘር ሴል ክፍፍል) መሃል ላይ ቆማ የምትጠብቅ ናት። በዚያ ቦታ የሚያቆማት ኤም.ፒ.ኤፍ. የሚባል የፕሮቲን ጥምረት ነው። የበሰለ ስፐርም ሲገባ ፒ.ኤል.ሲ. ዜታ የተባለ ፕሮቲን ይዞ ይገባል፤ ያም በእንቁላሏ ውስጥ ካልሲየም ለሰዓታት በተደጋጋሚ ከፍ ዝቅ እንዲል ያደርጋል፣ ኤም.ፒ.ኤፍ. ይወድቃል፣ እንቁላሏ ክፍፍሏን ትጨርሳለች። የአይጥ ክብ ስፐርማቲድ ይህን ማድረግ አይችልም። እንዲሁ ቢከቱት እንቁላሏ እንደቆመች ትቀራለች፤ ከፍተኛው ኤም.ፒ.ኤፍ. ደግሞ የስፐርማቲዱን ኒውክለስ ያለ ጊዜው ወደ ክሮሞዞምነት ያሰባስበዋል። ክሮሞዞሞቹ ነጠላ ስለሆኑ ከግራና ከቀኝ የሚስባቸው እኩል ኃይል የለም። በኋላ እንቁላሏ ብትቀሰቀስ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ በዕድል ይበተናል። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ማፍሰስ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ለክብ ስፐርማቲድ ቅደም ተከተሉ እንቁላሏን አስቀድሞ መቀስቀስ፣ ከዚያ ማስገባት ነው። የተለመደው መቀስቀሻ ስትሮንቲየም ክሎራይድ ነው። ካልሲየም በሌለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ከ2.5 እስከ 10 ሚሊሞላር አድርጎ እንቁላሎቹን ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይበቃል። ከዚያ ታጥበው እንቁላሏ ሁለተኛውን ፖላር ቦዲ (ትርፍ ክሮሞዞሞቿን ይዛ የምትወጣ ትንሽ ሴል) መግፋት ስትጀምር፣ ማለትም መቀስቀሱ ከተጀመረ ከ40 እስከ 75 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ኒውክለሱ ይገባል። በዚህ ሰዓት ኤም.ፒ.ኤፍ. ወድቋል፤ የአባትን ኒውክለስ የሚያሰፋውና የሚያድሰው የእንቁላሏ ችሎታ ግን ገና አልቀነሰም። ከዚህ ጊዜ ከዘገየ ኒውክለሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ፅንሱ ለጥቂት ቀን ቢከፋፈልም ልጅ እስከ መሆን የሚደርሰው ቁጥር ይወድቃል። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ መቶ እንቁላል በአንድ ጊዜ የሚቀሰቅስ ሰው ሰማንያውን አበላሸ ማለት ነው። አሥር አሥራ አምስት እያደረጉ በየተራ መቀስቀስ ነው የሚያዋጣው።

ለዳግማዊ ስፐርማቶሳይት ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ጥንድ ክሮማቲድ ስላለውና አንድ ክፍፍል ስለሚቀረው፣ ያልተቀሰቀሰች እንቁላል ውስጥ ይገባል፤ ኤም.ፒ.ኤፍ. ክሮሞዞሞቹን ያሰባስባቸውና በመስመር ይደረደራሉ፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሏ ስትቀሰቀስ የእናትም የአባትም ክሮማቲዶች ይለያያሉ፣ ከእያንዳንዳቸው ግማሹ በፖላር ቦዲ ተጥሎ ይወጣል። ለስፐርማቲድ ጥፋት የነበረው ነገር ለዚህኛው የግድ የሚያስፈልገው ነው። ቀዳማዊ ስፐርማቶሳይት ሁለት ክፍፍል ስለሚቀረው ሁለቱንም በእንቁላል ውስጥ መጨረስ አለበት፤ አብዛኛው የክሮሞዞም መሰበርና መዛባት እዚህ ላይ ይደርሳል። ጽሑፋችሁ ሦስቱንም በአንድ ስም መጥራቱ ያሳሰበን ለዚህ ነው፤ የአንዱን አሠራር በሌላው ላይ የሠራ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል።

አንባቢ የሥራውን ክብደት እንዲረዳው ዝርዝሩን እንጨምር። እንቁላል ለመውሰድ በብዛት የሚመረጡት ቢ6ዲ2 ኤፍ1 የሚባሉት ድቅል ሴት አይጦች ናቸው፤ እንቁላላቸው መርፌን ይችላል። ፒ.ኤም.ኤስ.ጂ. የተባለው ሆርሞን 5 ወይም 7.5 ዩኒት ይወጋሉ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ በዚያው መጠን ኤች.ሲ.ጂ. የተባለ ሌላ ሆርሞን። ከዚያ ከ13 እስከ 15 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቁላሎቹ ከማሕፀን ቱቦ ይወጣሉ። ከቆየ እንቁላሏ ታረጃለች፤ ያረጀች እንቁላል ደግሞ በጥቂት ንክኪ ራሷ ትቀሰቀሳለች፣ ሰዓቱም ከእጅ ይወጣል። ዙሪያዋን የከበቧትን ሴሎች 0.1 በመቶ ሃያሉሮኒዴዝ ያራግፋቸዋል፤ ሴሎቹ እንደተላቀቁ ወዲያው ማጠብ እንጂ ኤንዛይሙ ውስጥ ማስቆየት አያስፈልግም።

ከወንዱ በኩል የቆለጡ ነጭ ሽፋን ተገፍፎ ቱቦዎቹ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በመቀስ ይከታተፋሉ። ቀይ የደም ሴሎችን ለማጥፋት አሞኒየም ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ይጠቅማል። ከዚያ 38 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ተጣርቶ፣ በ200 ጂ (የመሬት ስበት 200 እጥፍ) ለ4 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ዞሮ ይታጠብና እስኪሠራበት 4 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። በማይክሮስኮፕ ሥር ክብ ስፐርማቲድ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በኒውክለሱ መሃል አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ጎልቶ ይታያል። ይህች ነጠብጣብ የአይጥ ሥራ በረከት ናት፤ ለማጅም ቢሆን በአንድ ቀን ሊለያት ይችላል። ዳግማዊው በመጠን በመካከል ያለ፣ ዕድሜውም አጭር ስለሆነ በቁጥር ጥቂት ነው፤ እሱን መለየት የበለጠ ዓይን ይፈልጋል።

ፒፔቱ (ኒውክለሱ የሚገባበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ) ከሴሉ መጥበብ አለበት። የውስጥ ስፋቱ 5 ወይም 6 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ 10 ማይክሮሜትር ሴል በዚያ ሲሳብ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ኒውክለሱ ከጥቂት ሳይቶፕላዝም ጋር ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ነው፦ ሰፊ ፒፔት ይዞ ሴሉን ከነሽፋኑ ያስገባዋል። ያ ሴል በእንቁላሏ ውስጥ የራሱን ግድግዳ ይዞ ይቀመጣል፤ የእንቁላሏ ሳይቶፕላዝም ኒውክለሱን አያገኘውም። ጠዋት ሲታይ አንድ ፕሮኒውክለስ (እንቁላሏ ውስጥ የሰፋ የእናት ወይም የአባት ኒውክለስ) እና አጠገቡ አንድ ሙሉ ሴል ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

የአይጥ እንቁላል ሽፋን ለሰው እንቁላል በሚደረገው ተራ መርፌ ሲወጋ በቀላሉ ይፈነዳል። ፒዬዞ የሚባለው መሣሪያ የገባው ለዚህ ነው፤ ፒፔቱን በጣም በጥቃቅን ንዝረት ወደ ፊት ይገፋዋል። ፒፔቱ አፉ ደልዳላ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ጀርባው ላይ ጥቂት ሜርኩሪ ይጨመርበታል፤ ያለዚያ ንዝረቱ ጫፉ ላይ አይደርስም። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ከባድ የፍሎሪን ፈሳሽ የሚጠቀሙም አሉ። በጠንካራ ንዝረት ዞና የሚባለው የእንቁላሏ ውጫዊ ቅርፊት ይቦረቦራል፣ ከዚያ ንዝረቱ ይቀንሳል። ፒፔቱ የእንቁላሏን ሽፋን ሳይቀድ እያሳሳበ ወደ ማዶው ጎን እስኪቃረብ ይገፋል፤ እዚያ አንድ ደካማ ንዝረት ብቻ ይሰጣል። ሽፋኑ ከተቀደደ ወደ ኋላ ሲመለስ ይታያል። ኒውክለሱ በተቻለ መጠን በትንሽ ፈሳሽ ይጣልና ፒፔቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ፈሳሽ የበዛበት እንቁላል በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። ሥራው በ37 ዲግሪ ሳይሆን በቀዝቃዛ ክፍል ሙቀት ቢሠራ ይሻላል፤ ሃዋይ ላይ 17 እና 18 ዲግሪ ድረስ በቀዘቀዘ መድረክ ይሠሩ ነበር፣ የሚተርፈው እንቁላል ስለሚበዛ። ከመርፌ በኋላም አሥር ደቂቃ ያህል እዚያው ማሳረፍ፣ ከዚያ ወደ ኢንኩቤተር ማስገባት።

የፒፔቱ ጫፍ እንዳይጣበቅ ሴሎቹ 10 ወይም 12 በመቶ ፒ.ቪ.ፒ. በተባለ ወፍራም ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ይቀመጣሉ። የተቀደዱ ሴሎች ዲ.ኤን.ኤ ጫፉን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። በየጥቂት እንቁላሉ ፒፔቱን በንጹሕ ፒ.ቪ.ፒ. ማጠብ ግድ ነው።

ስትሮንቲየሙ ራሱም ጣጣ አለው። በማቆያው ፈሳሽ ውስጥ ካለው ሰልፌትና ካርቦኔት ጋር ተገናኝቶ ክሪስታል ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው መጠን እውነት አይሆንም። በውኃ ብቻ የተበጠበጠ ክምችት መያዝና በሥራው ዕለት ብቻ መቀላቀል ነው፤ ፈሳሹ ከደፈረሰ መጣል። ጥቂት ካልሲየም እንኳ ከገባበት መቀስቀሱ ይዳከማል፤ ካልሲየም ያለበትን ፈሳሽ መጠቀም የግድ ከሆነ ካልሲየሙን የሚይዘው ኢ.ጂ.ቲ.ኤ. 2 ሚሊሞላር ይጨመርበታል።

አሁን ወደ አቆጣጠር። ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ ሁለት ፕሮኒውክለስና ሁለተኛ ፖላር ቦዲ መታየት አለበት፤ የአባቱ ከስፐርም ከሚመጣው ያነሰ መስሎ ይታያል። በ24 ሰዓት እንቁላሏ ሁለት ሴል ትሆናለች። ብዙ ሪፖርት ይህን «ተፀነሰ» ብሎ ይቆጥራል፤ ስሕተት ነው። በስትሮንቲየም የተቀሰቀሰች እንቁላል ምንም ኒውክለስ ሳይገባባት ራሷ ትከፈላለች፣ አንዳንዷም እስከ ብላስቶሲስት (ማሕፀን ላይ ለመጣበቅ የደረሰ የጥቂት ቀን ፅንስ) ትደርሳለች። ልጅ ግን አትሆንም። ስለዚህ በየሥራው ቀን የተቀሰቀሱ ነገር ግን ያልተወጉ እንቁላሎችን ጎን ለጎን ማቆየት፣ የተወጉትንም በፕሮኒውክለስ ቁጥር መለየት ያስፈልጋል። የተሻለው ማረጋገጫ አባቱን በጸጉር ቀለም ከእናቲቱ የተለየ ማድረግ ነው፤ የልጁ ቀለም ይመሰክራል። ፅንሶቹ የዘር ቱቦው ከተቋረጠ ወንድ ጋር በተጠቃችና እርጉዝ በመሰለች አይጥ የማሕፀን ቱቦ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ልጆቹ ይወጣሉ።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ እንኳ ከክብ ስፐርማቲድ የሚወለደው ቁጥር ከበሰለ ስፐርም ከሚገኘው ያነሰ ነው። ምክንያቱ በከፊል ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኪሺጋሚና ባልደረቦቹ ሥራ እንዳሳየው፣ ከስፐርማቲድ የመጣው የአባት ዲ.ኤን.ኤ እንደማንኛውም መጀመሪያ የሜቲል ምልክቱን (ጂኖችን የሚዘጋ ኬሚካዊ ምልክት) ቢያራግፍም ከመጀመሪያው ክፍፍል በፊት መልሶ ያገኘዋል፤ ሂስቶኖቹም የማይገባ ምልክት ይዘው ይቀራሉ። ፕሮታሚን ያልገባበት ኒውክለስ ሂስቶኑን ከነታሪኩ ይዞ ስለሚመጣ ይመስላል። ከአባት መውረዳቸውን የሚያመለክቱት ምልክቶች ግን በስፐርማቲድ ደረጃ ተሟልተው ይገኛሉ፤ ከዚህ ዘዴ የተወለዱ አይጦችም አድገው ወልደዋል።

ለአይጥ ተመራማሪ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ስፐርም እስከ መሥራት የማይደርስ የዘር ጉድለት ያለበትን ወንድ ዘር ማቆየት ይቻላል። ወንድ አይጥ በተወለደ በ20 ቀን ገደማ ክብ ስፐርማቲድ ስለሚያገኝ፣ ለመጠቃት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ትውልድ ማፋጠን ይቻላል። የቀዘቀዘ ቆለጥም ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የጃፓን ተመራማሪዎች እስከ 15 ዓመት በቅዝቃዜ ከቆየ የአይጥ አካል በወጣ ስፐርም ልጅ ማስወለዳቸውን አሳትመዋል።

ወደ ሰው ሲመጣ ግን የአይጡ ውጤት ብዙ አይራመድም። በአይጥ ፅንስ ውስጥ ክሮሞዞሞችን የሚያደራጀው ማዕከል ከእናት ይመጣል፤ በሰው ከአባት ስፐርም ነው የሚመጣው። በአይጥ የሚሠራው ስትሮንቲየም በሰው እንቁላል ላይ አስተማማኝ አይደለም። ያቺ የኒውክለስ ነጠብጣብ በሰው ስፐርማቲድ ላይ እንዲያ ግልጽ ሆና አትታይም፤ ስፐርማቲዱ ከነጭ የደም ሴል ጋር በቀላሉ ይምታታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በርካታ ክሊኒኮች ሞክረው ውጤቱ ደካማ ስለነበር አብዛኞቹ ተዉት። ጃፓን ኪታኪዩሹ ውስጥ የታናካ ቡድን እንቁላሉን በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሰ እ.ኤ.አ. በ2015 የ14 ሕፃናት፣ በ2018 ደግሞ የ90 ሕፃናት ውጤት አሳትሟል፤ በልጆቹ ዕድገት ከሌሎች ልጆች የጎላ ልዩነት አልታየም፣ የስኬቱ መጠን ግን ዝቅተኛ ነው። የአሜሪካ የመራቢያ ሕክምና ማኅበርም ዘዴውን እንደ ሙከራ እንጂ እንደ መደበኛ ሕክምና አይቆጥረውም።

ለአንባቢዎቻችሁ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። በዘር ፈሳሹ ስፐርም ያልታየ ወንድ ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር የለበትም። ቱቦው የተዘጋበት ሰው ቆለጡ ውስጥ የበሰለ ስፐርም አለው፤ በቀላል አሠራር ወጥቶ በተለመደው መርፌ ይሠራል፣ ስፐርማቲድ ጨርሶ አያስፈልገውም። ምርቱ የደከመበት ሰው ደግሞ በማይክሮስኮፕ በሚደረግ የቆለጥ ቀዶ ሕክምና ስፐርም የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሚዮሲሱ መሃል ላይ የቆመበት ሰው ስፐርማቲድም የለውም፤ ለእርሱ ይህ ዘዴ ምንም አይሠራም። እዚህም ሆነ ውጭ አገር «ካልበሰለ ዘር እናስወልዳለን» የሚል ክሊኒክ ያጋጠማቸው ባልና ሚስት ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የቆለጡ ናሙና ተመርምሮ የትኛው ሴል ላይ እንደቆመ ተጽፏል ወይ፣ ሴሉ ስፐርማቲድ መሆኑ በምን ይረጋገጣል፣ የሚነግሯቸው የስኬት ቁጥርስ በተከፈሉ እንቁላሎች ነው ወይስ በተወለዱ ሕፃናት የተቆጠረው?

ከአክብሮት ጋር፣
በፅንስ ላቦራቶሪ የምንሠራ ባለሙያዎች